ጥርስ ሠሪዋ፣ ፖስተኛውና የሚዘለው ባቡር

ወሬው እንዲህ ነው፦ ከካፌያችን በላይ ፎቁ ላይ የምትሠራው ጥርስ ሠሪ፣ የጡረተኛውን ፖስተኛ የሚንቀጠቀጥ እጅ በመጫወቻ ባቡር ፈወሰችው። አጭሩ ወሬ ይህ ነው። ረጅሙን ለመስማት ሁለተኛ ሻይ ማዘዝ ግድ ይላል። በረጅሙ ወሬ ሴትዮዋ የሽማግሌውን ጣቶች ከሐዲዱ ጋር አስራ ኤሌክትሪክ ለቀቀችባቸው፤ ባቡሩ ዞሮ ዞሮ ሲቆም የእጁም መንቀጥቀጥ አብሮ ቆመ። ጥግ ይዘው ዳማ የሚጫወቱት ሁለቱ ደንበኞች ግን በኤሌክትሪኩ አያምኑም። በእነሱ ወሬ ሴትዮዋ ባቡሩን አንስታ በጆሮው ሹክ አለችው። “የባቡር ጆሮ የቱ ጋ ነው?” ብለን ብንጠይቃቸው፣ “እሷ ታውቀዋለች” ብለው ወደ ዳማቸው ተመለሱ።

ወሬ እንጠላለን ለማለት አይደለም። በዚህ ካፌ ስኳር ጠፍቶ ሻዩን በወሬ እያጣፈጥን የጠጣንበት ጊዜ አለ። ግን ወሬም እንደ ጫማ ልክ አለው፤ ይሄኛው ጠበበን። አንደኛ፣ ሴትዮዋን እናውቃታለን። ሰው ልትፈውስ ይቅርና፣ አጠገቧ ያስነጠሰውን “ይማርህ” ለማለት እንኳ ሥራዋን አታቋርጥም። ሁለተኛ፣ የተፈወሰውን እጅ በዓይኑ ያየ አንድም ሰው አልተገኘም። ሁሉም የሰማው ካየው ሰው ነው፤ ያየው ሰው ደግሞ ሁልጊዜ አሁን ገና የወጣ ነው።

ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ እንጀምረው።

ጥርስ ሠሪዋ ከጥርስ ሐኪሙ ክፍል ጀርባ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ ግማሽ ዕድሜዋን ተቀምጣለች። ክፍሏ አንድ መስኮት፣ አንድ አግዳሚ ጠረጴዛና ግድግዳውን የሞላ መደርደሪያ አላት። መደርደሪያው ላይ የጄሶ መንጋጋዎች ተደርድረው ቀኑን ሙሉ ይስቃሉ፤ ከአገጭ በላይ የሚቀጥል ሰው ብቻ ይጎድላቸዋል። ከዚህ ብዛት ይመስላል፣ ሴትዮዋ የሰው ዓይን ማየት ረስታለች። ሰላም ስትላት መልስ የምትሰጠው ለላይኛው መንጋጋህ ነው። ባሏን ዝምተኛ ነው ይሉታል፤ እሱ ግን ዝምተኛ ሆኖ አልተወለደም። አፉን በከፈተ ቁጥር “እስቲ ወደ ብርሃን ዙር” ስለምትለው ነው የዘጋው።

ትሕትና የሚባል ነገር በደጇ አልፎ አያውቅም። “የዚህ ከተማ ግማሹ የሚስቀው በእኔ ነው” ትላለች። የቀረው ግማሽስ ሲሏት፣ “እሱ ገና ከረሜላ እየበላ ነው፤ ይመጣል” ትላለች።

ከጠረጴዛዋ ሥር በእግር የሚረገጥ ሞተር አለ። ጥርሱን የምታሳምረው፣ የምታለሰልሰው በእሱ ነው። ለስለስ አድርገህ ስትረግጠው ዝግ ብሎ ይዞራል፤ ጠበቅ ስታደርገው ይፈጥናል። አንድ ቀን ግን ይህ ሞተር መሐሉን ረሳው፤ እንቅልፍና እብደት ብቻ ቀረለት። ሴትዮዋ የአንዲት የትምህርት ቤት ዳይሬክተር የላይኛ ጥርስ ይዛ ስትረግጠው ዝም፣ ስትረግጠው ዝም፣ ከዚያ በድንገት አበደ። ጥርሱ ከእጇ አምልጦ በመስኮቱ ወጣ። መንገዱን ተሻግሮ ሄደ የሚሉ አሉ። እኛ ግን ማጋነን ስለማንወድ ከመንገዱ ግማሽ አናሳልፈውም።

የወደቀው በዚያ ሰዓት ደብዳቤ ሲያድል በነበረ ፖስተኛ ቦርሳ ውስጥ ነው። ሰውየው ጥርሱን በመሐረብ ጠቅልሎ ደረጃውን ወጣና በሩን አንኳኳ።

“የላኪ አድራሻ አልተጻፈበትም” አላት። “ቢሆንም እዚህ ሰፈር ጥርስ በመስኮት የሚልክ ቤት አንድ ብቻ ነው።”

ትውውቁ እንዲህ ተጀመረ። እሷ ሞተሩን ፈትታ፣ ውስጡን ጠርጋ፣ መልሳ ገጠመችው፤ ሞተሩም አእምሮው ተመለሰ። ፖስተኛው ይህን ሲሰማ ዓይኑ በራ። እሱም ቤቱ አንድ እብድ ነበረው፦ የእጅ መዳፍ የምታህል የባቡር ራስ፣ ከኋላዋ አራት ፉርጎ የምትጎትት። ሴትዮዋ ያችንም አስታገሰች። ከዚያ ወዲህ ከተማው ውስጥ ያሉ የመጫወቻ ባቡር ወዳጆች፣ ለካ ብዙ ናቸው፣ ባቡራቸው ሲሮጥባቸው ወይም ሲገግምባቸው ካርቶን አቅፈው ወደ ጥርስ ሐኪሙ ይመጡ ጀመር። እንግዳ መቀበያው ውስጥ ጉንጩ ያበጠ ሰውና ባቡር ያቀፈ ሰው ጎን ለጎን ተቀምጠው ተራ ሲጠብቁ ማየት የተለመደ ሆነ። ሁለቱም ፊታቸው ላይ ያለው ሕመም አንድ ነው።

ለማያውቅ ሰው የባቡሮቹን ሕመም ማስረዳት ያስፈልጋል። መሮጥ ማንም ይሮጣል። ጎበዝ ባቡር የሚለየው ሲያዘግም ነው። የኤሌክትሪኩን ማዞሪያ በጣትህ ትንሽ ነካ ስታደርገው፣ ሳይዘል፣ ሳያነክስ፣ እንደ ቅምጥል ሙሽራ ቀስ ብሎ መነሳት አለበት። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባላል፤ የእነዚህ ሰዎች ሕልም ባቡራቸው እንቁላሉን ሳይቀድም እንዲሄድ ነው። ፖስተኛው ዘንድ ደግሞ ይህ ሃይማኖት ነበር። የመኝታ ቤቱን በር ነቅሎ ጠረጴዛ ስላደረገው መኝታ ቤቱ ያለ በር ቀርቷል። በሩ ላይ ሐዲድ፣ ዋሻና ጣቢያ አለ፤ ጣቢያው ላይ ባርኔጣ ያደረጉ የጥፍር ቁመት ያላቸው መንገደኞች ቆመዋል። “ባቡሬ ሲገባ የአንዳቸውም ባርኔጣ መንቀሳቀስ የለበትም” ይላል። ባርኔጦቹ በሙጫ የተጣበቁ መሆናቸውን የሚያነሳበት ሰው አይወድም።

ከዚያ ጡረታ ወጣ። ጥቂት ቆይቶ ቀኝ እጁ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሐኪሙ መድኃኒት ሰጠውና፣ “ያረጋጋዋል እንጂ ጨርሶ አያጠፋውም” ብሎ በግልጽ ነገረው። ፖስተኛው ይህን እንደ ሰው ተቀበለ። ያልተቀበለው ቀጥሎ የመጣውን ነው፤ ባቡሩም አብሮት ታመመ። ማዞሪያውን ቢያዞረው ዝም። ጨመር ቢያደርገው ዝም። ትንሽ ሲጨምር ጅራቷን እንደተረገጠች ድመት ዘሎ ከሐዲዱ ይወጣል። ቤተሰቡም፣ ጎረቤቱም፣ ራሱ ፖስተኛውም ያዩት እጁን ነው። ባቡሩን ያየው የለም። የሚንቀጠቀጥ ሰው ባለበት ቤት የሚወድቅ ነገር ሁሉ ጥፋተኛው ይታወቃል፤ ድመቷ ብርጭቆ ብትሰብር እንኳ እሱን ነው የሚያዩት።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ጥርስ ሠሪዋ ልትጠይቀው ስትሄድ፣ በሩን የከፈተችላት ልብስ ሰፊዋ ልጁ ናት። ሁለት ባዶ ካርቶን ይዛለች።

“እትዬ፣ ጥሩ ሰዓት መጡ። እስቲ አንዱን ይያዙልኝ።”

“ማን ሊወጣ ነው ከቤት?”

“ባቡሩ። አባዬን ላሳርፈው ነው። ባለፈው ይሄ ነገር ከጠረጴዛው ሲዘል እሱም ሊይዘው አብሮ ዘሎ ነበር። ወንበሩ ባይዘው እኮ ወገቡን ነበር የምንለቅመው!”

ፖስተኛው ጠረጴዛው አጠገብ ተቀምጧል። አልተከራከረም። “ልክ ናት” አለ። “ደብዳቤ ሳላይ በጣቴ የምለይ ሰው ነበርኩ። አሁን አንዲት ማዞሪያ አቃተችኝ። እጄ ካበቃለት ባቡሩ ምን ይሠራልኛል? ይታሸግ።”

“ማንም አይታሸግም” አለች ጥርስ ሠሪዋ። “ጋሼ፣ እንዲህ ያለ ነገር ሲናገሩ የታችኛው ጥርስዎ ይነቃነቃል። ልየው።”

“ጥርሴን ተዪው፣ አንቺ ሴት!”

“እሺ፣ ባቡሩን ልየው። ከሁለት አንዱን ሳላይ አልሄድም።”

ታናሽ ወንድሙ፣ ፀጉር አስተካካዩ፣ ሶፋው ላይ እግሩን ዘርግቶ ተቀምጧል። ይህ ሰው ምላጭ ከያዘ ጀምሮ ስለ ሁሉም ነገር ያውቃል። “አታድክሚው” አላት። “ባቡሩ ደህና ነው። እኔ ራሴ እየመጣሁ እንከባከበዋለሁ። ችግሩ የወንድም ጋሼ እጅ ነው፤ እውነቱን መነጋገር ነው የሚሻለው።”

እሷ የባቡሩን ራስ ገልብጣ እንደ መንጋጋ አየችው፤ አየችና በሙሉ አፏ ፈረደች። “ካርቦኑ ነው! ሞተሩ ውስጥ ኤሌክትሪክ የምታቀብል እንደ እርሳስ የምታልቅ ነገር አለች። አልቃለች። በቃ።” ከቦርሳዋ አዲስ አወጣች፣ ቀየረች፣ በመጨረሻም እንደ ባለሙያ ደንብ ከራሷ የሞተር ዘይት አንዲት ጠብታ ጣል አደረገችበት። ማዞሪያውን ራሷ ያዘች።

ባቡሩ ተነሳ። ዝግ ብሎ አንድ ዙር ዞረ። ሴትዮዋ ጎማን እሷ የፈጠረች ይመስል ሁሉንም በየተራ አየቻቸው። ሁለተኛው ዙር ላይ ባቡሩ ዋሻው ውስጥ ቆመ። ጨመረች፤ ዝም። ጨመረች፤ ዝም። ከዚያ ወጣ ቢባል ይቀላል፤ ተተኮሰ። ጣቢያውን መትቶ ጣሪያውን ይዞት ወደቀ።

“ጣቢያው አንቺ ከመጠገንሽ በፊት ጣሪያ ነበረው” አለ ፀጉር አስተካካዩ።

“ዝም በል፣ አንተ!”

“እኔስ ዝም እላለሁ። ብቻ የእጅ በሽታው ተላላፊ ነው እንዴ? ያንቺም አዘለለው።”

ይህ ቀልድ ነበር፤ ግን ማንም አልሳቀም። ፖስተኛው ቀኝ እጁን ወስዶ ጠረጴዛው ሥር ደበቀው። ልጁ ካርቶኑን ከመሬት አነሳች። ጥርስ ሠሪዋ፣ ከተወለደች ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይሆን አይቀርም፣ የምትለው ጠፋት። ባቡሩን ሐዲዱ ላይ መለሰችውና ተቀመጠች። ማዞሪያውን መዝጋት ረሳች፤ ባቡሩም ባለበት ቆሞ ቀረ።

“ሻይ ልቅዳ” አለች ልጁ። በዚህ ቤት መናገር ሲከብድ ሻይ ይቀዳል።

ፖስተኛው ብርጭቆውን በሁለት እጁ ነው የሚይዘው። በአንዱ ይዞ ሻዩን ሸሚዙ ከጠጣው ወዲህ እንዲህ ለምዷል። አንስቶ ወደ አፉ አቀረበ። በዚያው ቅጽበት ሰው ያልነካው ባቡር ከቆመበት ዘሎ ተፈናጠረ፤ ሁለት ፉርጎ ይዞ ከሐዲዱ ወጣና የባርኔጣዎቹን መንገደኞች ዘርሮ ጣላቸው።

ሁሉም ወደ ባቡሩ ዞሩ።

“ጋሼ፣” አለች ጥርስ ሠሪዋ ቀስ ብላ፣ “እጅዎ የት ነው?”

“ብርጭቆው ላይ።”

“ሁለቱም?”

“ሁለቱም።”

“እኔስ? የኔ እጅ የት ነው? ያንተስ፣ ፀጉር አስተካካዩ?”

ፀጉር አስተካካዩ እጆቹን እንደ ተማረከ ወታደር አነሳ።

“ታዲያ ይሄንን ያዘለለው የማን እጅ ነው?”

ልጁ ካርቶኑን ቀስ ብላ መሬት አስቀመጠችው። ፖስተኛውም ብርጭቆውን አስቀመጠና ባቡሩን አየው፤ ያለ ጥፋቱ ታስሮ ከሳሹን ፊት ለፊት እንዳገኘ ሰው አየው።

ጥርስ ሠሪዋ የባቡሩን ራስ አነሳችና ንጹሕ ነጭ መሐረብ ላይ አስቀመጠችው። ጠበቁ። ከባቡሩ ሥር አንድ ቡናማ ነገር መስፋፋት ጀመረ፤ እየሰፋ ሄዶ ወደብ ያለው አገር አከለ።

“ዘይት!” አለች። “ይሄ ባቡር አይደለም፤ የዘይት ማሰሮ ነው። ማነው ዘይት የሚያጠጣው?”

ፖስተኛው ጉሮሮውን ጠረገ። “አንዲት ጠብታ እኔ አደርግበታለሁ። የብስክሌት ዘይት። አንዲት ጠብታ ትበቃዋለች፤ ለሁሉም የምነግራቸው ይሄንኑ ነው።”

“ለሁሉም ማለት?”

ፀጉር አስተካካዩ ጣሪያውን ማየት ጀመረ። “በሽተኛ ሊጠይቅ የመጣ ሰው ባዶ እጁን አይመጣም” አለ። “የፀጉር መቁረጫዬ ዘይት ምርጥ ነው። በመጣሁ ቁጥር አንዲት ጠብታ ብቻ።”

“እኔም” አለች ልጁ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። “የስፌት መኪና ዘይት። ባለፍኩ ቁጥር። አባዬ እንዲደሰት ብዬ።”

በየጠዋቱ ዳቦ የሚያመጣላቸው የሕንፃው ዘበኛም ከታች ተጠርቶ መጣ። የበር ማጠፊያ ዘይቱን፣ ለበር ካገለገለ ለባቡር ምን ይነሰው ብሎ፣ በየጠዋቱ አንዲት ጠብታ ጣል ያደርግ ነበር።

ሁሉም ተናዝዘው ሲያበቁ ፀጉር አስተካካዩ ወደ ጥርስ ሠሪዋ ዞረ። “ቅድም ካርቦኑን ስትቀይሪ ምን ነበር ያደረግሽበት?”

“እሱ ሌላ ነገር ነው” አለች። ሌላ ነገር አልነበረም።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ይባላል። እዚህ ቤት የእያንዳንዱ ጠብታ ለባለቤቷ ጌጡ ነበረች፤ ሸክሙ የወደቀው ባቡሩ ላይ ነው። ዘመድ በሙሉ የሚወደው ባቡር እንዴት ሰላም ያገኛል? ነገሩ ሲገለጥ ቀላል ሆነ። ባቡሩ ኤሌክትሪክ የሚያገኘው ከሐዲዱ በጎማው በኩል ነው። ዘይቱ ከሞተሩ ወደ ጎማው፣ ከጎማው ወደ ሐዲዱ ወርዶ፣ ከአቧራና ከልብስ ሰፊዋ የክር ብናኝ ጋር ተጋብቶ ጥቁር ሙጫ ሆኗል። ሙጫው ኤሌክትሪኩን ሲከለክል ባቡሩ ይቆማል። ሰውየው ማዞሪያውን ይጨምራል፤ ወይም እንደ ቅድሙ ክፍቱን ይረሳዋል። ጎማው በድንገት አንዲት ንጹሕ ቦታ ሲያገኝ፣ እስከዚያ የተጨመረው ኃይል ሁሉ አንዴ ይገባበታል። በዚያ ጊዜ አንተም ብትሆን ትዘላለህ።

ቀጥሎ የሆነው ጽዳት ነው፤ ጽዳት ደግሞ ለወሬ አይመችም። ጥርስ ሠሪዋ ባቡሩን ፈትታ በአልኮልና በአዲስ የጥርስ ብሩሽ አጠበችው። የማርሹን ጥርሶች ከፊት፣ ከኋላ፣ ከመሐል ስትፈገፍግ፣ “ከበላችሁ በኋላ እንዲህ ነው” እያለች ቤቱን በሙሉ አስተማረች። ልጁ ሐዲዱን በጨርቅ ወለወለች፤ ጨርቁ ጭስ ቤት የከረመ መሰለ። ፀጉር አስተካካዩ የዘይት ጠርሙሱን ከኪሱ አውጥቶ እንዲያስረክብ ተደረገ። ትንሽ አንገራገረ።

ሲያልቅ ሴትዮዋ ማዞሪያውን ወደ ፖስተኛው ገፋችለት።

“አንቺው አዙሪው” አለ።

“እኔ የጣቢያ ጣሪያ አፍራሽ ነኝ። እርስዎ ያዙሩት።”

“ቢዘልስ? እጄ ነበር ማለት ነው።”

“ቢዘል ደግሞ ሌላ ምክንያት እፈልጋለሁ። ሥራ የለኝም።”

“አባዬ፣ ተው ካልፈለግክ—” ብላ ጀመረች ልጁ፤ አልጨረሰችም። አባቷ እጁን ከጠረጴዛው ሥር አውጥቶ ነበር።

እጁ ማዞሪያው ላይ ሲያርፍ ተንቀጠቀጠ። ማዞሪያውም አብሮት ወዲህ ወዲያ አለ። ባቡሩ አንዴ ነቅነቅ አለና ተነሳ። ትንሽ ይፈራ ነበር፤ ጉልበቱን እንደሚያመው ሽማግሌ ነበር አካሄዱ። ግን አልዘለለም። ዋሻው ውስጥ ገባ። ወጣ። ጣሪያ ወደሌለው ጣቢያ ዝግ ብሎ ደረሰና መልሰው ባቆሟቸው መንገደኞች ፊት ቆመ። አንድም ባርኔጣ አልተነቃነቀም።

ፖስተኛው ሁለተኛ ዙር አዞረ። ሦስተኛ አዞረ። ከዚያ በኋላ ሊያናግረው የሞከረ ሁሉ መልስ አላገኘም፤ ልጁ ሦስት ጊዜ “ሻይህ ቀዘቀዘ” አለችው። በመጨረሻ አንደኛው ካርቶን ላይ ቁጭ ብላ ታየው ጀመር። ካርቶኑ ከሥሯ ተጨፈለቀ፤ ስለ ማሸግም ከዚያ ወዲያ የተነሳ ነገር የለም።

የሆነው ይኼው ነው። ዘበኛው ደረጃውን ሲወርድ ግን ነገሩ “ማዞሪያውን ራሱ አዞረ” የሚል ነበር። በሩ ጋ ሲደርስ “እጁ ታዘዘለት” ሆነ። መንገዱን ሲሻገር “እጁ ዳነ” ሆነ። ካፌያችን ሲደርስ ኤሌክትሪኩ ተጨምሮበት፣ ሐዲዱ ላይ ታስሮ፣ ሹክ ተብሎበት ነበር። በማግስቱ የጥርስ ሐኪሙ እንግዳ መቀበያ ሞላ። ጉልበቱን የሚያመው መጣ፤ ትከሻው የያዘው መጣ። አንዱ እንዲያውም ሲያጥብ እየዘለለ ከቤት ልውጣ የሚለውን የልብስ ማጠቢያ ማሽኑን በጋሪ አስጭኖ መጣ። ቢያንስ እሱ በሽታውን በትክክል ገልጾታል።

በሦስተኛው ቀን ጥርስ ሠሪዋ ነጭ ጋዋኗን እንደለበሰች፣ እጇ ላይ የጄሶ ዱቄት እንዳለ፣ ካፌያችን በር ላይ ቆመች። ዳማው ቆመ።

“ስሙ፣” አለች፣ “አፋችሁንም ዝጉ፤ ከዚህ ሆኜ ያስጠላኛል። ኤሌክትሪክ ያስነካሁት ሰው የለም። ከባቡር ጋር አላወራሁም። ፈውስም አላውቅም። የሰውየው እጅ ዛሬም ይንቀጠቀጣል፤ ጠዋት ሻዩን ጠረጴዛው ላይ ደፍቶት እኔው ነኝ የጠረግኩት። እጁ አልዳነም። አይድንምም። ባቡሩ ቆሽሾ ነበር፤ ታጠበ። በቃ!”